ተጠግቶ መኖር፦ በቤታችን ያሉት ትንንሽ ኦርኪዶች



እኛ በዲላ ከተማ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ይህንንም ጽሑፍ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አብረን ተቀምጠን ነው የጻፍነው። ዛሬ የምናካፍላችሁ ስለ አንድ ቃልና ስለ አንድ ተክል ነው። ቃሉ «ጥገኛ» የሚለው ነው። ተክሉ ደግሞ በመስኮታችን አጠገብ በእንጨት ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ፣ ሲያብብ ግን ቤቱን በመዓዛ የሚሞላ ትንሽ ኦርኪድ ነው።

«ጥገኛ» የሚለውን ቃል በሁለት ቦታ እንሰማዋለን። ጤና ጣቢያ ስንሄድ የሆድ ትል «ጥገኛ ትል» ይባላል። በቤትና በሰፈር ደግሞ ራሱን ያልቻለ፣ በሌላ ሰው እጅ የሚበላ ሰው «ጥገኛ» ይባላል። አንዱ ቃል ትሉንም ሰውየውንም በእኩል ይጠራቸዋል። ደግነቱ ከዚያው ሥር ሌላ ቃል ይወጣል፤ «መጠጊያ» የሚል። መዝሙረኞቹ እግዚአብሔርን ደጋግመው የጠሩበት ስም ነው። እንግዲህ መጠጊያ ካለ የሚጠጋ መኖር አለበት። መጠጊያ የሆነ አምላክ እያመለክን መጠጋትን እንደ ነውር የምናይ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባናል።

ይህንን እንድናስብ ያደረጉን በ2010 ዓ.ም. ወደ ቤታችን የመጡ አንዲት እናትና እሳቸው ከማገዶ ውስጥ ያዳኗቸው ተክሎች ናቸው።

ዛፍ ላይ ያለ ሁሉ ተቀጽላ አይደለም

አገራችንን የማታውቁ ካላችሁ በጥቂቱ እንግለጽላችሁ። ከዲላ ተነስታችሁ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ ስትወጡ መንገዱ ግራና ቀኝ ጫካ ይመስላል። ጫካ ግን አይደለም፤ የሰው ጓሮ ነው። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ብሳናው ጥላ ይሰጣል። ከሥሩ እንሰት አለ። ከእንሰቱ ጎን ቡናው አለ። ከቡናው ሥር ደግሞ ጎመንና ቦዬ ይበቅላል። አንዱ ለሌላው ጥላ፣ ቅጠሉም ለሌላው ማዳበሪያ ነው። በ2016 ዓ.ም. መስከረም የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል። የተመዘገቡት ጥንታዊዎቹ ትክል ድንጋዮች ብቻ አይደሉም። ሰው፣ እንሰት፣ ቡናና ዛፍ ተደጋግፈው የሚኖሩበት ኑሮም አብሮ ተመዝግቧል።

በዚህ ኑሮ ውስጥ ብዙ ሰው ቀና ብሎ የማያያቸው ትንንሽ ነዋሪዎች አሉ። በዛፎቹ ቅርንጫፍ ላይ የሚኖሩት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ተቀጽላ ነው። ተቀጽላ ሥሩን ወደ ቅርንጫፉ ውስጥ ሰርስሮ ያስገባና የዛፉን ውሃ ይጠጣል። ሲበዛ ቅርንጫፉን ያደርቀዋል። ገበሬው ተቀጽላን ባየ ጊዜ የሚቆርጠው በምክንያት ነው።

ኦርኪዱ ግን ከእርሱ የተለየ ነው። ሥሩ በቅርፊቱ ላይ ይሄዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ከዛፉ አንድ ጠብታ አይጠጣም። ውሃውን ከዝናብ፣ ከጤዛና ከጉም ይቀበላል። ምግቡን ደግሞ ዝናብ ከቅጠሎች ላይ አጥቦ ከሚያወርደው አቧራና በቅርፊቱ ስንጥቅ ከሚበሰብሰው ጥቂት ቅጠል ያገኛል። ሥሩን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት እንደ ብር ነጭ ነው። ይህ ነጭ ልባስ እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚመጥና የሚይዝ ነው። ውሃ ሲነካው ወዲያው አረንጓዴ ይሆናል። እንዲያውም በአገራችን ካሉት ኦርኪዶች መካከል ሚክሮኮሊያ የሚባለው ወገን ቅጠል የለውም። በዛፉ ላይ የተጠላለፈ ሥር ብቻ ነው፤ ከፀሐይ ምግቡን የሚሠራውም በሥሩ ነው።

ኦርኪዱ ከዛፉ የሚፈልገው ቦታ ብቻ ነው። መቆሚያ፣ ጥቂት ጥላና ነፋስ። ዛፉም አይጎዳበትም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ160 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች እንዳሉ የእጽዋት ሊቃውንት መዝግበዋል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. በዚሁ ላይ መጽሐፍ አሳትመዋል። የሚበዙት መሬት ላይ የሚበቅሉ ናቸው፤ ሌሎቹ በዛፍ ላይ ይኖራሉ። በአዲስ አበባ የአበባ መሸጫዎች በማሰሮ የምታዩአቸው ትልልቆቹ ኦርኪዶች አመጣጣቸው ከእስያ ነው፤ አብዛኞቹም መዓዛ የላቸውም ማለት ይቻላል። የእኛ አገር የዛፍ ላይ ኦርኪዶች ግን ትንንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ ነጭ ያብባሉ፤ በርካቶቹም ማታ ማታ ይሸታሉ።

ከማገዶው ውስጥ

በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች አካባቢ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ። ግጭቱ ከሁለቱም ወገን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አፈናቀለ። ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት በሰው ተሞሉ። በዲላ ዘመድ ያልመጣበት ቤት ጥቂት ነበር። ወደ እኛ የመጡት አክስታችን ናቸው። በሰኔ ወር በዝናብ መጡ። የያዙት አንድ ፌስታልና አንድ ነጠላ ነበር። ቤታቸው ተቃጥሎ፣ እንሰታቸው ተቆርጦ ነበር።

ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አምስት ሰው ነበርን፤ ስድስት ሆንን። ለእኛ ከባዱ ነገር የቦታው መጥበብ አልነበረም። ከባዱ አክስታችን በቤታችን ራሳቸውን ያሳነሱበት መንገድ ነበር። ከሁላችን ቀድመው ይነሱና ግቢውን ይጠርጋሉ። ምግብ ሲቀርብ ከግማሽ በላይ አይበሉም፤ «ጠግቤአለሁ ልጆቼ» ይላሉ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባሉ። አንድ ቀን ማታ ስንጸልይ እሳቸውም በተራቸው ጸለዩ። ጸሎታቸው አጭር ነበር። ጌታ ሆይ፣ በእነዚህ ልጆች ላይ ጥገኛ ሆኜ አልሙት አሉ።

ምን እንመልስ? «እንደዚህ አይበሉ» አልናቸው። ይህ ቃል ግን ለሚለው ሰው ቀላል ነው፤ የሰሚውን ሸክም አያነሳም።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከገበያ አንድ ሸክም ማገዶ ገዛን። በጌዴኦ ገበሬው ለቡናው ብርሃን እንዲገባ የጥላ ዛፉን ቅርንጫፍ በየጊዜው ይመለምላል፤ የተመለመለውም ማገዶ ይሆናል። አክስታችን እንጨቱን ለመፍለጥ ፈትተው ሲያገላብጡ ከአንዱ ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ቅጠላቸው የደረቀ የሚመስል፣ ሥራቸው ግን በሕይወት ያለ ሦስት ትንንሽ ተክሎች አገኙ። «ይህንን እንዳታነዱት» አሉን።

ቅርንጫፉን በአንድ ክንድ ልክ አስቆረጡት። ልቅቅ ያሉትን ሥሮች እንደገና ከቅርፊቱ ጋር አሰሯቸው። ያሰሩበት የእንሰት ቃጫ ነበር። ቃጫ ጥሩ ማሰሪያ ነው፤ ተክሉን አይቆርጥም፤ አዲሱ ሥር እንጨቱን እስኪይዝ ያቆየዋል፤ ከዚያ ራሱ በስብሶ ይወድቃል። እያሰሩ ሳለ ከልጆቹ አንዱ ተቀጽላ እንደሆነ ጠየቃቸው። አክስታችን ሥሩን በጣታቸው አንስተው አሳዩት። «ተቀጽላ ቢሆን እንጨቱ ውስጥ ይገባ ነበር። ይህ እላዩ ላይ ነው ያለው። ዛፉን አይጠጣም፤ ማደሪያ ብቻ ነው የለመነው» አሉ።

ያን ጊዜ የተናገሩት ስለ ተክሉ ነበር። እኛ ግን እርስ በርስ ተያየን።

ቤት ውስጥ እንዴት ይኖራል?

ከእናንተ ብዙዎች ፎቶውን አይታችሁ አያያዙን ጠይቃችሁናል። ስለዚህ የተማርነውን እንዘርዝርላችሁ።

ከሁሉ በፊት፣ ከቆመ ዛፍ ላይ ነቅላችሁ አታምጡ። እነዚህ ተክሎች ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፤ አንድ ቅርንጫፍ የሞሉት በብዙ ዓመታት ነው። የዱር ኦርኪዶች በዓለም ዙሪያ ስለሚመናመኑ ከአገር አገር የሚደረገው ንግዳቸው እንኳ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። ነፋስ የጣለው ወይም ለማገዶ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ካገኛችሁ ግን ማዳን መልካም ነው።

አፈር ውስጥ አትትከሉት። ሥሩ አየር ይፈልጋል፤ አፈር ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። ቅርፊቱ ሻካራ የሆነ እንጨት ይበቃዋል። የደረቀ የቡና ጉቶም ይሆናል፤ እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበሰብስም።

ብርሃን ይወዳል፤ የቀትር ፀሐይ ግን ቅጠሉን ያቃጥለዋል። የእኛው የሚኖረው በምሥራቅ መስኮት፣ ከስስ መጋረጃ በስተኋላ ነው። የጠዋቱ ፀሐይ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ያገኘዋል። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን አንሶታል ማለት ነው፤ ወደ ቢጫ ወይም ቀይ ካደላ በዝቶበታል።

ውሃን በሚመለከት ሥሩ ራሱ ይነግራችኋል። እንደ ብር ከነጣ ጠምቶታል፤ አረንጓዴ ከሆነ ጠጥቷል። እኛ ከቆርቆሮ ጣሪያ በጀሪካን ያጠራቀምነውን የዝናብ ውሃ እንረጨዋለን። ጨው የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሥሩን ይጎዳል። በበጋ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በየቀኑ፣ በዝናብ ወራት በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ይበቃል። ሁልጊዜ ጠዋት እንጂ ማታ አናጠጣውም። ውሃ በቅጠሉ መሐል አድሮ ከቀረ ልቡ ይበሰብሳልና። በደረቁ ወራት ከሥሩ ጠጠርና ውሃ ያለበት ሳህን እናስቀምጣለን፤ እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣለታል።

ነፋስ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ቀን ቀን መስኮቱ ይከፈታል። ከከሰል ጭስ አርቁት። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሙዝና አቮካዶ ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ይህ ጋዝ የኦርኪዱን እምቡጥ ሳይከፈት ያረግፈዋል። ጌዴኦ ውስጥ ሙዝ የማይበስልበት ቤት የለምና ሙዙን በሌላ ክፍል አድርጉ።

የሌሊቱ ቅዝቃዜ ይጠቅመዋል። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ለአበባው የሚያነሳሳው ይህ ልዩነት ነው። ማዳበሪያ እጅግ ጥቂት፣ በብዙ ውሃ የቀጠነ፣ በወር አንዴ ቢሰጠው ይበቃል፤ ባይሰጠውም ይኖራል።

የመጨረሻው ትዕግሥት ነው። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ያወጣል፤ ከዚህ አይበልጥም። ልጆቻችን መጀመሪያ በየቀኑ ያዩት ነበር፤ ከዚያ በሳምንት፤ ከዚያ ረሱት። አክስታችን ግን አልረሱትም። ጠዋት ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አንብበው ሲጨርሱ ውሃ መርጫውን ያነሳሉ። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ የሚሠሩ ሆነው ቀሩ።

በጨለማ የመጣው መዓዛ

በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ብዙ ተፈናቃዮች ወደ ቀያቸው ተመልሰው ነበር። አክስታችንም ልሂድ አሉ። የሚሄዱበት ቤት ግን አልነበረም። ልጃቸው በቆርቆሮና በሸራ ጎጆ ቀልሶ አዲስ የእንሰት ችግኝ መትከል ጀምሯል። እንሰት ደግሞ እንደ በቆሎ በወራት የሚደርስ አይደለም፤ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ለምን ይቸኩላሉ ስንላቸው መልሳቸው ያው ነበር፤ «ከእናንተ ላይ ልውረድ ብዬ ነው።»

ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ መከረበት። ክረምቱ እስኪያልፍ እንዲቆዩ ለመንናቸው። ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ መኸሩ እስኪያልፍ አልናቸው። እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ቆዩ። ቃሉ ግን ከአፋቸው አልጠፋም።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ሻማ አብርተን ተቀምጠን ሳለ አክስታችን ቀና ብለው «ምን ሸተተ?» አሉ። ማንም አልሸተተውም። ትንሽ ቆይቶ ለእኛም መጣ። ጣፋጭ፣ እንደ ቡና አበባ ያለ፣ ከእርሱ ግን ጠንከር ያለ። አንዷ ልጅ ሽቶ ፈስሶ ይሆናል ብላ ቁምሳጥን ከፈተች። አክስታችን ሻማውን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከሦስቱ ተክሎች በአንዱ ላይ ሁለት ነጫጭ አበቦች ተከፍተው ነበር። እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጡም። ከኋላቸው እንደ ክር የቀጠነ ረጅም ቱቦ ተንጠልጥሏል።

በኅብረታችን የእጽዋት ትምህርት የተማረ ወንድም አለ። በማግሥቱ መጥቶ አየውና ኤራንጊስ ከሚባለው ወገን ሳይሆን አይቀርም አለን። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የአየር ዕቃ» ማለት ነው፤ አንዱ ቃል አየር፣ ሌላው ዕቃ ወይም ማድጋ። እኛም ወዲያው ያሰብነው ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ ስለ ሸክላ ዕቃና በውስጡ ስላለው መዝገብ የጻፈውን ነው።

ቀን ላይ ብትጠጉት ምንም አይሸትም ማለት ይቻላል። መዓዛውን የሚያወጣው ሲመሽ ነው። ምክንያቱም የሚጠብቀው እንግዳ በሌሊት የሚበር ትልቅ የእሳት እራት ነው። ነጭ የሆነው በጨለማ እንዲታይ፣ የሚሸተውም ከሩቅ እንዲገኝ ነው። ማሩ ያለው በዚያ ረጅም ቱቦ መጨረሻ ላይ ስለሆነ የሚደርስበት ረጅም ምላስ ያለው ብቻ ነው። በ1862 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ዳርዊን ከማዳጋስካር የመጣ፣ ቱቦው ወደ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ተመሳሳይ ኦርኪድ አይቶ፣ ያን ያህል ምላስ ያለው የእሳት እራት በዚያ አገር መኖር አለበት ብሎ ጻፈ። ዳርዊን በ1882 እ.ኤ.አ. ሞተ። የእሳት እራቱ በሳይንስ የተመዘገበው በ1903 እ.ኤ.አ. ነው። በሌላው አሳቡ የሚከራከር ይከራከር፤ በዚህ ግን ትክክል ነበር። አበባውን ባየ ጊዜ፣ ያላየው እንግዳ እንዳለ አወቀ።

በቤታችን የእሳት እራቱ አልመጣም። አበቦቹ ሦስት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ሸተው ረገፉ። በእነዚያ ሳምንታት ግን ጎረቤቶች ምሽት ምሽት ይመጡ ነበር። አንዲት ከአክስታችን ጋር በአንድ ወቅት የተፈናቀሉ እናትም መጡ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገቡ የነበሩት አክስታችን አሁን እንግዳ የሚቀበሉ እሳቸው ሆኑ። «ኑ፣ በዚህ በኩል አሽትቱ» ይሉ ነበር። ከዚያ ቡና ይፈላል፤ ጸሎት ይደረጋል። በቤታችን እስከ ዛሬ ያለው የረቡዕ ማታ የጸሎት ኅብረት የተጀመረው በእነዚያ ምሽቶች ነው።

ጳውሎስ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ክርስቶስን ማወቅን በየቦታው ከሚሰራጭ ሽታ ጋር ያመሳስለዋል። ሽታ ሥልጣን አያስፈልገውም። የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ቤት የሌለው ሰውም ሊሸት ይችላል።

ማን በማን ተጠጋ?

በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 ላይ ኤልያስ ራብ በሆነ ጊዜ ወደ ሰራፕታ ሄዶ በአንዲት መበለት ቤት ተጠጋ። መበለቲቱ የቀራት አንድ ዕፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነበር። ይህንን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ ዱቄቱ አለመጨረስ ነው። እስቲ በነቢዩ በኩል ሆነን እንየው። እሳት ከሰማይ የሚያወርደው ሰው ያን ጊዜ ስደተኛ ነው። ከድሃ ሴት ጓዳ ይበላል። እግዚአብሔር በቁራ መመገቡን መቀጠል ይችል ነበር፤ ነገር ግን በሰው ቤት እንዲጠጋ ላከው። ልጁ በሞተ ጊዜ ደግሞ በቤቷ ያለው ተጠጊ ለእናቲቱ መጠጊያ ሆነላት። ታዲያ በዚያ ቤት ጥገኛው ማን ነበር?

ሩትም እንዲሁ ናት። ቦዔዝ ያመሰገናት ራሷን ስለቻለች አይደለም። በእስራኤል አምላክ ክንፍ በታች ለመጠጋት ስለመጣች ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ላይ ደግሞ ጌታ ምድሪቱ የእርሱ እንደሆነች፣ ሕዝቡም በእርሱ ዘንድ እንግዶች እንደሆኑ ይናገራል። የመሬት ካርታ የያዘውም፣ ፌስታል የያዘውም በእርሱ ፊት ተጠጊ ነው።

ስለ ኦርኪድ ከሰማነው ሁሉ አንዱ በዚህ ላይ ብዙ አሳስቦናል። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። በአንድ ፍሬ ውስጥ ብዙ ሺህ ዘር ይኖራል። የባቄላና የበቆሎ ዘር ስንቁን ይዞ ነው የሚወጣው፤ የኦርኪድ ዘር ግን ምንም ስንቅ የለውም። እንዴት ይበቅላል የሚለው ጥያቄ ሰዎችን ለረጅም ጊዜ አስቸግሮ ነበር። በ1899 እ.ኤ.አ. ኖኤል ቤርናር የተባለ ፈረንሳዊ መልሱን አገኘው። ዘሩ የሚበቅለው በዓይን የማይታይ ፈንገስ ወደ እርሱ ገብቶ ሲመግበው ነው። በዱር ውስጥ ያለ እንዲህ ያለ እርዳታ የበቀለ ኦርኪድ የለም። ያ ቤታችንን የሞላው መዓዛ የመጣው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሌላው ተደግፎ ከኖረ ፍጥረት ነው።

እኛስ? ከእናታችን ማኅፀን ስንወጣ ምን ስንቅ ይዘን ነበር? በጸጋው ስንድንስ ምን ይዘን መጣን? «ራሴን የቻልኩ ነኝ» የምንልበት ዘመን በሁለት የተጠጊነት ዘመናት፣ በሕፃንነትና በእርጅና መካከል ያለ አጭር ጊዜ ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ላይ ቆመን የቀሩትን ሁለቱን ዘመናት መናቅ አይገባም።

በቤታችን የሆነውን ስንቆጥር እንዲህ ነው። ባለቤት ማታ ተረኛ ስትሆን ልጆቹን ያስተኙ የነበሩት አክስታችን ናቸው። ትንሹ ልጅ በወባ ሦስት ሌሊት ሲያቃጥለው በአልጋው አጠገብ ያደሩት እሳቸው ናቸው። ልጆቻችን ጌዴኡፋን አቀላጥፈው የሚናገሩት ከእሳቸው የተነሳ ነው። እኛ የሰጠነው አልጋና ማዕድ ነበር። ዛፍ ለኦርኪድ የሚሰጠውም ከዚህ አይበልጥም።

በ2014 ዓ.ም. ልጃቸው መጣና የመጀመሪያዎቹ እንሰቶች ሊደርሱ መሆኑን ነገራቸው። አክስታችን ዕቃቸውን ማሰባሰብ ጀመሩ። እኛም እንደ ልማዳችን ልንለምናቸው ተቀመጥን። እጃቸውን አንስተው አስቆሙን። «አሁን የምሄደው ሸክም ስለሆንኩ አይደለም። እንሰቴ ስለደረሰ ነው» አሉ።

ከዚህ በኋላ ልንለምናቸው አልቻልንም። በ2011 ዓ.ም. ቢሄዱ ኖሮ ከእኛ ሸሽተው መሄዳቸው ነበር፤ አሁን ግን ወደ ቤታቸው ነው የሚሄዱት። ምሳ በላን። ሳህናቸውን ጨረሱ። ከሦስቱ ተክሎች ትንሹ ያለበትን የእንጨቱን ጫፍ አስቆርጠው በጨርቅ ጠቅልለው ያዙ። ሌሎቹን ለእኛ ተዉልን። በቤታችን ለብዙ ሳምንት ጠዋት ግቢው ሳይጠረግ ስናየው፣ ማታ በጸሎት ሰዓት ድምፃቸው ሲጎድል፣ በማን ትከሻ ተደግፈን እንደኖርን በደንብ ገባን።

ለእናንተ የምንለው

ወገኖች፣ በቤታችሁ የተጠጋ ሰው አለ? ከገጠር የመጣ የወንድም ልጅ፣ ሥራ ያጣ ጓደኛ፣ ያረጀች እናት፣ የተፈናቀለ ዘመድ? ኑሮው ተወዷል፤ ጤፉ፣ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ ከብዷል። ተጨማሪ አንድ አፍ ቀላል ነው ብለን አንዋሻችሁም። በዓለም ላይ ተቀጽላ የሆነ ሰው የለም ብለንም አንከራከርም፤ ጳውሎስ ራሱ ለተሰሎንቄ ሰዎች መሥራት ስለማይወድ ሰው በግልጽ ጽፏል። ነገር ግን ተቀጽላውን ከኦርኪዱ ለመለየት ቀረብ ብሎ ሥሩን ማየት ያስፈልጋል። ከሩቅ ሁለቱም በዛፉ ላይ ያለ አረንጓዴ ነገር ናቸው።

ወይስ የተጠጋችሁት እናንተ ናችሁ? በሰው ቤት፣ በሰው ምድር፣ በሰው አገር? እንጀራውን በልታችሁ ጥገቡ። ጓዳ አትግቡ። የመዓዛችሁ ሰዓት ገና ላይደርስ ይችላል፤ ኦርኪዱም ሁለት ዓመት በዝምታ ቅጠል ብቻ እያወጣ ነበር የኖረው። መጠጋት እግዚአብሔርን ያላሳፈረው ነገር ነው። ጌታችን ኢየሱስ ራሱ በሰው በረት ተወለደ፤ በሰው ታንኳ ላይ ሆኖ አስተማረ፤ በሰው መቃብር ተቀበረ።

እንጸልይ።

መጠጊያችን የሆንህ አምላክ ሆይ፣ ወደ አንተ በባዶ እጅ በመጣን ጊዜ ስላልገፋኸን እናመሰግንሃለን። በቤታችን ያስጠጋኸውን ሰው በአንተ ዓይን እንድናየው እርዳን። ከቀያቸው ተፈናቅለው ገና ላልተመለሱት ማደሪያ ስጣቸው፤ ለተመለሱት እንሰታቸውን አጽድቅላቸው። በጌዴኦና በጉጂ ወንድማማቾች መካከል ያለውን ሰላም ጠብቅልን። በሰው ቤት ያለ ራሱን የሚያሳንስ ሁሉ ቀና ይበል። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።